የጉሎ ዳገትና እምቢ ያለው ዲፈረንሻል

ተረት ተረት ስላችሁ «የመኪና ብረት» በሉኝ። አላችሁ? በሉ ጆሯችሁን ወዲህ።

ከደሴ ወዲያ፣ ስሟን ብጠራላችሁ «የኛ ናት፣ የኛ ናት» ብላችሁ የምትጣሉባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ይመር የሚባል ሾፌር ነበር። ይመር አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነበረችው፤ አንዲት ትንሽ ምኞትም ነበረችው። ምኞቱ መኪናዋ የጉሎን ዳገት እንድትወጣለት ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ አልጠየቀም።

ታዲያ ዳገቱ አናት ላይ ማን አለ? አቶ ሙሄ አሉ። አቶ ሙሄ ቤትስ ማን አለ? ልጃቸው ሉባባ አለች። ነገሩ ገባችሁ አይደል? ሉባባና ይመር በገበያ ቀን ሲተያዩ ከርመው፣ ተግባብተው ጨርሰዋል። «እኔ እንደሆንኩ እሺ ካልኩ ቆየሁ፤ አባቴን ግን በደንቡ አስጠይቅ» ብላዋለች።

ደንቡ እንዲህ ነው። ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ አምሮበት ይሄዳል እንጂ ጭቃ ተለቅልቆ የሰው ልጅ አይጠይቅም። ጠያቂው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሳያደርሱለት የልጅቷን ደጅ ቢረግጥ ነውር ነው። «ያላሳደጉት» ይሉታል፣ ልጅቷንም ይነፍጉታል።

ይመር ሦስት ሽማግሌ ለምኖ ነበር፤ ሼህ እንድሪስን፣ መምሬ ካሣንና ባለ ቶርኖ ቤቱን ጋሽ ሽፈራውን። ባለፈው እሁድ ሦስቱን ጭኖ ሲወጣ፣ ዝናብ የጠገበው መረሬ አፈር ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋን ያዛት። አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ሽማግሌዎቹ «እንግፋ» ብለው ወረዱ። ጎማው ጭቃውን እየዛቀ ሦስቱም ጋቢ ላይ አራገፈው። ሼህ እንድሪስ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ልጄ፣ በል መልሰን» አሉ። መለሳቸው።

በማግስቱ አቶ ሙሄ ቃል ላኩ። «እሁድ ስጠብቅ ዋልኩ፣ ሰው አልመጣም። የመጪውንም እሁድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የሌላ ልጅ ሽማግሌ ቀጠሮ ይዞብኛል።» ይመር ይህን ሲሰማ ምግብ አልወርድ አለው።

ማክሰኞ ማለዳ መኪናዋን ደረበ ጋራዥ አስገባ። ደረበ መኪና ሥር ካልተኛ ሐሳብ የማይመጣለት መካኒክ ነው። ገባና ተኛ፣ አየና ወጣ።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ነገሩ ያለው የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻሉ ጋ ነው። እሱም ተበላሽቶ አይደለም፣ ጠባዩ ነው። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን ሁሉ ለዚያው ለሚንሸራተተው ይለቅለታል። መሬት የቆነጠጠው ጎማ ምንም ሳይደርሰው ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሌላ ዓይነት ዲፈረንሻል አለ። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት መሃል ገብቶ ለሌላውም ያካፍላል። ያኔ ሁለቱም አብረው ይገፋሉ። ግን እዚህ አገር ከየት ይገኛል?»

ይመር ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እሱማ እኔ ጋ አለ! የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ከላከልኝ ሦስት ወር ሆነው። አልጋዬ ሥር ነው ያለው!»

«አልጋህ ሥር ምን ያደርጋል?»

«በጋ ነበራ፣ ደረቤ! በበጋ ማን ጭቃ ያስባል?»

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። ክረምት በያመቱ ይመጣል፣ ይመርም በያመቱ ይገረማል። ለማንኛውም ሮጦ ሄደ፣ ዲፈረንሻሉን ታቅፎ መጣ። ደረበ አሮጌውን ፈትቶ አወጣና አዲሱን ከጎኑ አስቀመጠው። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ የብር ጌጥ ይመስል ነካክተው አይጠግቡትም። ነገር ግን ኩሽኔታ አልነበረውም። ኩሽኔታ ማለት ዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ተደግፎ የሚዞርባት ቀለበት ናት፤ ያለ እሷ ምንም የለም። በከተማው ያለው መለዋወጫ መደብር ሁሉ ተዞረ፣ በልኩ ጠፋ። ያለው አማራጭ ከአሮጌው አውልቆ ለአዲሱ ማልበስ ብቻ ሆነ። ደረበ ያዘ፣ ታገለ፣ አላበው። ኩሽኔታው አልወልቅም አለ።

ይመር ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ። «ኩሽኔታው ካልወለቀ ዲፈረንሻሉ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ካልገባ ጎማዎቹ አይገፉም። ጎማዎቹ ካልገፉ ሽማግሌው አይወጣም። ሽማግሌው ካልወጣ ሉባባ የለች!»

«ምን ያንጫጫሃል?» አለው ደረበ። «ማውጫ አለኝ አይደል!» ማውጫው ኩሽኔታን በጥፍሮቹ ቆንጥጦ፣ መሃሉ ላይ ባለው ብሎን እየተጠበቀ ስቦ የሚያወጣ ብረት ነው። ደረበ ማውጫውን አስገባ፣ ቆነጠጠ፣ አጠበቀ። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ በሦስተኛው ቀጭ አለ። የብሎኑ ጥርስ ተበልቷል። ማውጫው አልስብም አለ።

ይመር የጋራዡን በር ተደግፎ ጀመረ። «ማውጫው ካልሳበ ኩሽኔታው አይወልቅም። ኩሽኔታው ካልወለቀ ዲፈረንሻሉ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ካልገባ ጎማዎቹ አይገፉም። ጎማዎቹ ካልገፉ ሽማግሌው አይወጣም። ሽማግሌው ካልወጣ ሉባባ የለች!»

«እሱንም ጋሽ ሽፈራው ይቀርጹታል» አለ ደረበ። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ሲደርሱ፣ ጋሽ ሽፈራው ቶርኖ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ከእሁድ ወዲህ ታጥቦ ታጥቦ ጭቃው ያልለቀቀውን ጋቢያቸውን ይመለከታሉ። ቶርኖው ብረት እያዞረ የሚቀርጽ፣ እድሜው ከሳቸው የማይተናነስ ማሽን ነው። እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ ማቆሚያ የላቸውም፣ አንድ ነገር ከጠየቋቸው ከሥሩ ጀምረው ነው የሚያስረዱት።

«ብሎን መቅረጽ ለኔ ምኔም አይደል» አሉ። «ጥርሱን ባይኔ ብቻ አውጥቼ እሰጥህ ነበር። ነገር ግን ይህን ታያለህ?» የተበጠሰ ቺንጋ አንጠልጥለው አሳዩት። «ሞተሩን ከቶርኖው ጋር አያይዞ የሚያዞረው እሱ ነው። ትናንት ተበጠሰ። እኔም ላንተ ሽማግሌ፣ ማሽኔም ሽማግሌ። ሁለታችንም ቆመናል።» ቶርኖው አልዞርም አለ።

ይመር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ቶርኖው ካልዞረ ማውጫው አይስብም። ማውጫው ካልሳበ ኩሽኔታው አይወልቅም። ኩሽኔታው ካልወለቀ ዲፈረንሻሉ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ካልገባ ጎማዎቹ አይገፉም። ጎማዎቹ ካልገፉ ሽማግሌው አይወጣም። ሽማግሌው ካልወጣ ሉባባ የለች!»

«ሽማግሌውማ እኔ ነኝ፣ እዚሁ አለሁ» አሉ ጋሽ ሽፈራው ቅር ብሏቸው። «ይልቅ ተነስ፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን። የእትዬ ዘይነባ ወፍጮ ቺንጋ ከኔ ጋር ልኩ አንድ ነው። ትርፍ እንዳላቸው አውቃለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ተያይዘው ወፍጮ ቤት ደረሱ። እትዬ ዘይነባ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ተነስንሶባቸው፣ መጥረጊያ ይዘው ብቅ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ አንጀታቸው ራራ። «የሉባባን ነገር እኔም ሰምቻለሁ፣ ደግ ልጅ ናት። ትርፍ ቺንጋ አለኝ። ያውላችሁ፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።»

ይመር በደስታ ዘለለና ወደ ሣጥኑ ሄደ። ሣጥኑ ላይ ሁለት ጆንያ ዱቄት ተጭኖበታል። እጁን ሲዘረጋ እትዬ ዘይነባ ጮኹበት።

«እንዳትነካ! የሰው ዱቄት እኮ ነው! ባለቤቱ ሳያዝ በኔ ወፍጮ ቤት ዱቄት ከቦታው አይነቃነቅም። አንዴ ለደግነት ብዬ አንዱን ገፋ ባደርግ፣ ‹አጎደልሽብኝ› ተብዬ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማኝ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ።»

ዱቄቱ አልነሳም አለ ማለት ነው። ይመር እጁን እንደዘረጋ ተንተባተበ። «ዱቄቱ ካልተነሳ ቺንጋው አይወጣም። ቺንጋው ካልወጣ ቶርኖው አይዞርም። ቶርኖው ካልዞረ ማውጫው አይስብም። ማውጫው ካልሳበ ኩሽኔታው አይወልቅም። ኩሽኔታው ካልወለቀ ዲፈረንሻሉ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ካልገባ ጎማዎቹ አይገፉም። ጎማዎቹ ካልገፉ ሽማግሌው አይወጣም። ሽማግሌው ካልወጣ ሉባባ የለች! ኧረ እትዬ፣ የማን ዱቄት ነው?»

እትዬ ዘይነባ መጥረጊያቸውን አስቀመጡ። «የማን ይሆናል? የአቶ ሙሄ ነዋ!»

ሦስቱ ወንዶች ተያዩ። እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሙሄ፣ ዱቄትህ ከሰኞ ጀምሮ ሣጥኔ ላይ ተኝቷል። ምነው ጠፋህ?»

«ምን ላድርግ፣ ዘይነብዬ» አሉ አቶ ሙሄ። «አህያዬ ሰኞ እህሉን አድርሶ ሲመለስ ዳገቱ መሃል ቁጭ አለ። በልመና ነው ቤቱ የገባው። ከዚያ ወዲህ ከበረቱ አልንቀሳቀስ አለ።»

«ለምን?»

«ጭቃ ነዋ! ምን ለምን አለው!»

ይመር ሲሰማ ወደ ዳገቱ አንጋጠጠ። «አህያው ዳገቱን ካልወጣ ዱቄቱ አይነሳም» አለ በሹክሹክታ። «ዱቄቱ ካልተነሳ ቺንጋው አይወጣም። ቺንጋው ካልወጣ ቶርኖው አይዞርም። ቶርኖው ካልዞረ ማውጫው አይስብም። ማውጫው ካልሳበ ኩሽኔታው አይወልቅም። ኩሽኔታው ካልወለቀ ዲፈረንሻሉ አይገባም። ዲፈረንሻሉ ካልገባ ጎማዎቹ አይገፉም። ጎማዎቹ ካልገፉ መኪናዋም ያንኑ ዳገት አትወጣም። ዞሮ ዞሮ ዳገቱ!» እውነቱን ነው፤ ከዳገቱ ተነስቶ ዳገቱ ላይ ነው የደረሰው። የት እንደሚቀጥል አላወቀም። ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው፣ እኔም አልፈርድበትም።

እትዬ ዘይነባ አዩትና ወደ ስልኩ መለስ አሉ። «ሙሄ፣ የሚሸከም ሰው ባገኝ ዱቄቱን ልስጠው?»

«ካገኘሽማ ስጪው! ከልጅ እስካዋቂ ቂጣ አምሮናል።»

ስልኩ ተዘጋ። አሁን ባለቤቱ አዟል፣ ዱቄቱ መነሳት ይችላል። ማን ይሸከመው? ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆሙት የቀን ሠራተኞች ዳገቱን ቀና ብለው እያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ። ደረበ መኪና ሥር ሲተኛ ወገቡን ጨርሷል። ጋሽ ሽፈራውን ገና ሳይጠየቁ ያስላቸው ጀመር። ሁሉም ይመርን አዩት።

«እኔማ እንዴት ብዬ?» አለ ይመር። «ሽማግሌ ሳላስገባ ደጃቸው ብታይ አበቃልኝ!»

«ደጃቸውን ማን ርገጥ አለህ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አጥሩ ሥር አስቀምጠህ ትመለሳለህ። ይልቅ ይህን ልበስ።» ባዶ ጆንያ አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በዝናብ ጊዜ እንደሚደረገው፣ ከአናቱ ላይ ደፉለት። ጆንያው እስከ አፍንጫው ሸፈነው።

ይመር የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሞ ወጣ። በመኪና ሲወጣ አስቦት የማያውቀውን ድንጋይ ሁሉ በእግሩ ጣት ተዋወቀው። ወደቀ ሲሉት እየቆመ፣ ዱቄቱን ግን አንዲት ጠብታ ጭቃ ሳያስነካ አደረሰው። አጥሩ ሥር ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ሁለተኛውን ይዞ ሲደርስ አቶ ሙሄ በረንዳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«የኔ ልጅ፣ ግባና አረፍ በል!»

ይመር ራሱን ነቀነቀ።

«በይ ሉባባ፣ እንግዲያው ዳቦ አውጪለት!»

ሉባባ ከመጀመሪያው ጆንያ ዱቄት ፈጥና የጋገረችውን ትኩስ ዳቦ ይዛ ወደ አጥሩ መጣች። ጆንያው ሥር ያለውን አገጭ አየችና ቀጥ አለች።

«ይመር?»

«ዝም በይ! ተሸካሚ ነኝ» አለ ይመር።

ሉባባ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «ዳቦውን እንኳ ውሰድ።»

«ሳልጠይቅ ያባትሽን ዳቦ አልበላም» ብሎ ዞረ፣ ወረደም። ልቡ ሞቅ ብሎት እስከ ታች ድረስ ብቻውን ፈገግ እያለ ሄደ።

አሁን እንግዲህ ያዙኝ ልቀቁኝ! ዱቄቱ ተነሳና ሣጥኑ ተከፈተ። ሣጥኑ ተከፈተና ቺንጋው ወጣ። ቺንጋው ወጣና ቶርኖው ዞረ። ቶርኖው ዞረና አዲስ ብሎን ተቀረጸ፣ ማውጫውም ሳበ። ማውጫው ሳበና ኩሽኔታው ወለቀ። ኩሽኔታው ወለቀና ዲፈረንሻሉ ገባ። ቅዳሜ ደረበ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ፣ ዘይቱን ሞልቶ ከመኪናዋ ሥር ወጣና፣ «በል፣ ከዳገቱ ጋር ተነጋገሩ» አለ።

እሁድ መጣ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ዳገቱን አብኩቶታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ተሳፈሩ፤ ጋሽ ሽፈራው የወንድማቸውን ተውሰው ነው። ዳገቱ መሃል፣ ያች ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ አንዱ ጎማ ተንሸራተተ። መምሬ ካሣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ጎማ ግን ያዘ፣ ገፋ። መኪናዋ እያጓራች፣ ቀስ እያለች ወጣች። ይመር «ተባረኪ!» እያለ መሪዋን ዳበሰ።

ከአጥሩ ውጭ አቆመና እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። በረንዳው ቅርብ ነውና ይመር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ።

«የመጣንበት ጉዳይ አለን» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«ተቀመጡና ተናገሩ» አሉ አቶ ሙሄ።

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም።» ይህም ደንብ ነው።

ሼህ እንድሪስ የይመርን ስም አንስተው፣ ሉባባን ጠየቁ። አቶ ሙሄ አዳመጡ። በዚያ አገር አባት ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አይልም፤ «እንመካከር፣ ተመለሱ» ብሎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። ይመርም ይህን ያውቃል፣ ከኋላ ያለውን የሌላውን ልጅ ቀጠሮም ያውቃል። ሲመለሱ ሉባባ ተሰጥታ ብትጠብቃቸውስ?

አቶ ሙሄ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓይናቸው ጋቢዎቹ ላይ አረፈ። «ቆይ እስቲ። በዚህ ጭቃ ጋቢያችሁ እንዲህ ነጥቶ እንዴት ወጣችሁ?»

ጋሽ ሽፈራውን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቋቸዋል? ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የወጣነው ሁለቱም ጎማ ስለገፋ ነው። ጎማው የገፋው ዲፈረንሻሉ ስለገባ ነው። ዲፈረንሻሉ የገባው ኩሽኔታው ስለወለቀ ነው። ኩሽኔታው የወለቀው ማውጫው ስለሳበ ነው። ማውጫው የሳበው የኔ ቶርኖ ስለዞረ ነው። ቶርኖዬ የዞረው ቺንጋው ስለወጣ ነው። ቺንጋው የወጣው ዱቄቱ ስለተነሳ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። መምሬ ካሣ ሳሉ።

«የማን ዱቄት?» አሉ አቶ ሙሄ።

«የ… የርስዎ።»

«ዱቄቴን ማን አነሳው?»

ይመር መሪውን ጨበጠ። ሁሉ ነገር በገዛ እጁ እንዳበቃ ተሰማው።

«ልጁ ነው» አሉ ሼህ እንድሪስ በመጨረሻ። «የምንጠይቅለት ልጅ። ደጅዎን ግን አልረገጠም። አጥርዎ ሥር አስቀምጦ ተመልሷል።»

ቀጥሎ የአቶ ሙሄ ድምፅ ተሰማ። «እውነት ነው፣ አልረገጠም። ግባ ብዬ ብለምነውም አልገባም። ዳቦዬንም አልበላ ብሎኝ፣ ‹ይህን ተሸካሚ ማን ነው ያሳደገው?› እያልኩ ስገረም ነው የሰነበትኩት።» ትንሽ አሰቡ። «ደንቡ ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነው?»

«አዎን፣ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው።

«ሐሙስ ዕለት ጆንያ ተሸክሞ ሁለቴ ተመላልሷል። የዛሬው ሦስተኛው ነው። በሉ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡባቸው ሦስት ዱካዎች ሲንቋቁ ይመር መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰማ። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ደግሞ ሳቀ። ከጓዳ በኩል የሉባባ እልልታ ተሰማ።

ተረቴ ዳገቱን ወጥታ ገብታለች፤ የምትወርድበትን እናንተ ፈልጉላት።